ጉሬዛ አይናገርም

ይህ የምነግራችሁ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ያቺ አሮጊት ቶዮታዬ ሃቫና ስትሪት መሀል፣ አረንጓዴ መብራት ላይ፣ ከኋላዋ ያለው መኪና ሁሉ እየጮኸባት ድርቅ ብላ ትቅር። ውሸት ከሆነ ምላሴ ላይ ቃሪያ ይብቀል። ያየሁትን አይቼ፣ ያላየሁትንም ካየው ሰው አፍ ትኩሱን ተቀብዬ ነው የምናገረው። ትምህርቴ ያን ያህል አይደለም፤ ከስምንተኛ ክፍል ጋር የተለያየነው በሰላም ነው። ለመዋሸት ግን ጭንቅላት ይጠይቃል ይባላል፤ ስለዚህ እኔን ማመን ይቀላችኋል።

ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል፤ ቀኑ ቅዳሜ ነው። ደምሰው ሃቫና ስትሪት ላይ ባለው በእትዬ አረጋሽ ሱቅ ውስጥ፣ በሽሮው መደርደሪያና በሻንጣዎቹ መሀል ቆሟል። ከአናቱ እስከ እግር ጥፍሩ ጥቁርና ነጭ ጠጉር ለብሷል። ልብሱ ጉሬዛ ነው። ማለቴ፣ ጉሬዛ ነው ተብሏል። በተፈጥሮው ከሃሎዊን የጭምብል በዓል በኋላ በግማሽ ዋጋ የተጣለ የስከንክ ልብስ ነው፤ ያ ጅራቱን አንስቶ በግማቱ ሰፈር የሚያስለቅቅ የዚህ አገር አውሬ። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ፍቅረሥላሴ ግን መደርደሪያ ላይ ሲያየው፣ ጥቁሩን አይቶ፣ በጀርባው የወረደውን ነጭ አይቶ፣ የጅራቱን ጎፈር አይቶ፣ "ይሄማ የኛ ጉሬዛ ነው!" ብሎ አቅፎት ወደ ካሸሩ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ "ብሩህ ልጅ የሕፃናት መማሪያ" የተባለው ድርጅቱ ምልክቱ ጉሬዛ ሆነ። የፊደል ካርዱ ሣጥን ላይ ጉሬዛ፣ መሬት ላይ የሚነጠፈው የስፖንጅ ፊደል ላይ ጉሬዛ፣ የቀለም መቀቢያው መጽሐፍ ላይ ጉሬዛ። እዚሁ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ የተወለዱት ልጆች ደምሰውን ሲያዩ "ስከንክ! ስከንክ!" እያሉ ይጮሃሉ፤ እናቶቻቸው "ዝም በል፣ ጉሬዛ ነው፣ ነውር ነው" እያሉ ይቆነጥጧቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ የአገር እንስሳ ተማሩ።

የልብሱ ራስ በርሜል ያክላል። ድሮ እንደ ባርኔጣ የሚወልቅ ነበር። አንድ የልደት ግብዣ ላይ አንዷ ሕፃን ጎትታ ብታወልቀውና ከውስጡ ላብ ያጠመቀው ባለ ፂም ሰውዬ ብቅ ቢል፣ ግቢው በለቅሶ ታመሰ፤ ኬኩ እንኳ ሳይቆረስ ሰው ተበተነ። ከዚያ ወዲያ ፍቅረሥላሴ ራሱን ከአንገቱ ጋር አሰፋው። የሰፋችው የደምሰው ሚስት ፀዳል ናት፣ በወፍራም ክር፣ እጅግ አጥብቃ። አሁን መግቢያና መውጫው በጀርባ በኩል ከወገብ እስከ ማጅራት የሚወጣው ዚፕ ብቻ ነው። የሚታየው በአፉ በኩል ነው፤ በጥርሶቹ መሀል ጥቁር መረብ አለ። ልብሱ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ ውስጥ ያለው ሰው "አይሆንም" ብሎ ራሱን ቢወዘውዝ፣ የገዛ ራሱ ብቻ ነው ውስጥ ለውስጥ የሚዞረው፣ ውጪ ያለ ሰው ምንም አያይም። ጎንበስ ሲል ግን ያ በርሜል አብሮት ይጎነበሳል፤ "እሺ" ማለት ነው። እምቢታ ያልተፈጠረበት ልብስ ነው። ሕጉም አንድ ነው። ፍቅረሥላሴ በመጀመሪያው ቀን "ጉሬዛ አይናገርም" ብሎታል፤ "የሚያስተምረው ካርዱ ነው። አንተ እጅህን አወዛውዝ፣ እቀፍ፣ ፎቶ ተነሳ። ከተናገርክ አስማቱ ይጠፋል።"

ሰው ደግሞ የማይናገር ነገር የሚሰማም አይመስለው። አንዲት እናት የካርዱን ሣጥን እያገላበጠች "ሠላሳ ዘጠኝ ዶላር? ለፊደል?" ስትል፣ ፍቅረሥላሴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን የሰርክ ጸሎት አስመስሎ፣ "እህቴ፣ ልጅሽ ከአያቱ ጋር በስልክ ማውራት የሚያቅተውን ቀን አስቢ፤ ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዶላር ምንድነው?" አላት። ይህን ሲል አንዳንዱ ገዥ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ እሷም አንድ ልትገዛ መጥታ ሁለት ያዘች። ከፍላ ስትጨርስ ወደ ደምሰው ዞራ "ውይ፣ በዚህ ሙቀት እንዴት ቻለው? ጥሏችሁ እንዳይሄድ ብቻ" አለች። ፍቅረሥላሴ ከልቡ ሳቀ። "እሱ? የእህቴ ባል እኮ ነው። የት ይሄዳል!"

የልብሱ ጆሮዎች ስፖንጅ ናቸው፤ ብዙ ነገር አያስገቡም። ይህቺ ግን ገባች። ደምሰው ያቀፈውን ሕፃን ቀስ ብሎ አወረደውና ቆመ። ክፉ ቃል አይደለም፤ ክፉ ቃል ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር፣ ሰው በክፉ ቃል ይኮርፋል፣ ኮርፎም ይሄዳል። ፍቅረሥላሴ የተናገረው እኮ "ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች" እንደሚል ሰው ነው። ደምሰው በመረቡ በኩል የሱቁን በር አየ። በሩ ክፍት ነው። ከበሩ ውጪ ሃቫና ስትሪት በፀሐይ ይንተከተካል፤ ከኮሪያው ምግብ ቤት ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ ላይ አውቶብስ ቆሞ አሮጊት ሴትዮ እያወረደ ነው።

ፍቅረሥላሴ የማያውቀው ነገር አለ። ደምሰው የከተማ አውቶብስ ሾፌርነት ፈተናውን አልፏል። ዓይኑን ተመርምሯል፣ ጽሑፉን ሁለቴ ወድቆ በሦስተኛው ገብቶለታል። ሥልጠናው ሰኞ ጠዋት ይጀመራል፤ በመጀመሪያው ቀን ያልተገኘ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። የሾፌር ሰማያዊ ሸሚዙ ቻምበርስ ሮድ ባለው አፓርታማቸው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በላስቲኩ እንዳለ ተሰቅሏል። ሌሊት ፀዳል ለአዛውንቶች ቤት ፈረቃዋ ስትወጣ ደምሰው ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ያየዋል። ምንም አያደርገውም፤ ያየዋል፣ ይዘጋዋል።

ችግሩ ለፍቅረሥላሴ መናገሩ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሯል። የመጀመሪያው ጊዜ እራት ላይ "ጋሼ፣ ስለ ሥራው ነገር..." ብሎ አፉን ሲከፍት፣ ፍቅረሥላሴ የከፈተውን አፍ አይቶ በፍቅር ጡጫ የሚያክል ጉርሻ ከተተበት፤ አላምጦ እስኪውጥ ወሬው ስለ ቤት ግብር ሆኗል። በሁለተኛው ጊዜ መኪና ውስጥ ጀመረ፤ ፍቅረሥላሴ ስለ ሟች እናቱ፣ "ፀዳልን አደራ" ብላው ስለሞተችው፣ ያወራው ጀመር፣ አለቀሰም፤ የሚያለቅሰው ሰው ደግሞ መሪ ይዞ ነበርና ደምሰው "አይዞህ ጋሼ፣ መንገዱን እይ" ማለት ብቻ ተረፈው። ሦስተኛውን ግን እቅጩን ነበር የተናገረው። "ልለቅ ነው" አለ። ፍቅረሥላሴ ትን እስኪለው ሳቀና በማግስቱ ክርስትና ቤት ለሰው ሁሉ "ደምስ ልለቅ ነው አለኝ እኮ!" እያለ አወራው፤ ሰዉም ሳቀ፤ ደምሰውም፣ ምን ያድርግ፣ ሳቀ። ፀዳልን እኔ ካልቻልኩ አንቺ ንገሪው ቢላት፣ ዛሬ ጠዋት ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ "ወንድሜ ነው፣ አንተ ባሌ ነህ። መሀል አታግቡኝ" አለችው። ከዚያ መጋረጃውን ዘጋችና ተኛች። እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ያውቃል፤ ትንፋሿ የነቃ ሰው ትንፋሽ ነበር። ልጃቸውን ሊዲን ቀስቅሶ፣ ቁርሷን አብልቶ፣ ልብሱን በትከሻው ተሸክሞ ወጣ።

እንግዲህ አንድ ሰው ራሱ መናገር ሲያቅተው ምን ያደርጋል? የኛ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ደምሰውም ባለፈው እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ ጋሽ ተወልደመድህንን ጠጋ አላቸው። ጋሽ ተወልደመድህን አሥመራ በአማርኛ ተምረው፣ ዴንቨር ዕድሜያቸውን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያስታረቁት ባልና ሚስት ብዛት ቢሰለፍ ከዳውንታውን እስከ ኤርፖርት ይደርሳል ይባላል። "ጋሼ፣ አንድ ሽምግልና እንዲሄዱልኝ ነበር" አላቸው። "ምን አጥፍተህ?" "ምንም አላጠፋሁም።" "እሱስ ምን አጠፋ?" "እሱም ምንም።" ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። "ያላጠፉ ሰዎችን ነው የምሸመግለው?" ደምሰው አስረዳቸው፤ ጥል የለም፣ ቂም የለም፣ ሥራውን በሰላም ልለቅ ነው፣ አፌ ስላልታዘዘልኝ በእርስዎ አፍ ይነገርልኝ። እስከ መጨረሻው አዳምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ገባኝ። ለቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ አረጋሽን ይዤ እሄዳለሁ። አንተ እዚያ እንዳትገኝ፣ ላኪ አይታይም።" የገባቸው መስሎት ያን ለት ሌሊቱን በደንብ ተኛ።

የቅዳሜው ሥራ ሰባት ሰዓት ላይ አበቃ። ደምሰው ከሱቁ ጀርባ፣ የዘይት ጀሪካኖቹ መሀል ገብቶ እጁን ወደ ማጅራቱ ሰደደ። ዚፑ እምቢ አለ። ሊዲ ሞከረች፤ ጠጉሩን ነክሶታል። እትዬ አረጋሽ ወፍራም እጃቸውን ጠራርገው መጡ፣ ጾም ስለሆነ ቅቤ አልነካም ብለው ሳሙና ቀቡት፣ በጉልበታቸው ወገቡን ደግፈው ሳቡት፤ ወይ ፍንክች። "ማነው የሠራው ይሄን ዚፕ፣ ግምጃ ቤት ነው እንዴ?" አሉና ትንፋሻቸውን ሰብስበው ወደ ስፖንጁ ጆሮ ጠጋ አሉ። "አይዞህ ልጄ። ዛሬ ጉዳይህን እንጨርሰዋለን።" ሊዲ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባስ የሚነዳ አባት ሊኖራት መሆኑን ለክፍሏ ልጆች በምስጢር ነግራ ጨርሳለች። አፍንጫዋን ይዛ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና "ዳዲ፣ ናው ዩ ስሜል ላይክ ኤ ሪል ስከንክ። እንደ እውነተኛው ሸተትክ" አለችው።

ዕቃውን ወደ ድርጅቱ መመለስ ደግሞ የእሱ ሥራ ነው። ድርጅቱ ማለት ፓርክ ሂል ያለው የፍቅረሥላሴ ቤት ምድር ቤት ነው። ደምሰው በጥርሱ በኩል እያየ፣ ጅራቱን በጭኖቹ መሀል አጣጥፎ፣ ነዳ። ቀይ መብራት ላይ ሰው ፎቶ ያነሳዋል። ሊዲ ከኋላ ወንበር ዝቅ ብላ ተደብቃለች። ቤቱ ጥሩ ቤት ነው፣ ቀይ ጡብ፣ ትልቅ ዛፍ፤ ፍቅረሥላሴ ሲገዛው ሰፈሩ ርካሽ እንደነበር ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይናገራል። ምድር ቤቱ በስፖንጅና በሞቀ ላስቲክ ሽታ ተሞልቷል። የፒንግፖንግ ጠረጴዛው ላይ ካርዶቹ ተዘርግተዋል፤ ላሚኔት ይደረጋሉ፣ ማለትም በላስቲክ ይለበጣሉ፣ ሹል ማዕዘናቸው ሕፃን እንዳይወጋ አንድ በአንድ በመቁረጫ ይለሰልሳል። ይህን የሚሠራው ጉሬዛ ያልሆነ ዕለት ራሱ ደምሰው ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ የበቀለው ጠንካራ ቆዳ ከመቁረጫው ነው። ግድግዳው ላይ አንድ የተበላሸ ካርድ በሚስማር ተመቷል፤ ማተሚያ ቤቱ "በ" የሚለው ላይ በበሬ ፋንታ የኮሎራዶ ጎሽ አትሞበት የመጣ። ፍቅረሥላሴ አልጣለውም። "ያም ቀንድ አለው" ብሎ ሁሉንም ሸጦታል።

ደምሰው ሣጥኑን አስቀምጦ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ወጥቶ ሰዓቱን በምድጃው ላይ አይቶ፣ ሊወጣ ሲል ነው ፍቅረሥላሴ ከኋላው የያዘው። "እስካሁን አላወለቅክም?" ነገሩን ሲሰማ ሳቀ፣ ከዚያ አዘነ፣ "ሳሎን ተቀመጥ፣ ፒንሳ ላምጣ" አለ። "አይ ጋሼ፣ ቤት..." "ተቀመጥ አልኩህ!" ሶፋው ነጭ ነው፤ ላስቲኩ ከተገዛ ጀምሮ አልተነሳለትም። ደምሰው ጅራቱን ወደ ጎን አድርጎ ላስቲኩ ላይ ተቀመጠ። ሊዲ አጠገቡ ተቀመጠች። ፍቅረሥላሴ በፒንሳ አንድ ሁለቴ ሲታገል ሰማዩ ጠቆረ፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው በረዶ ጣሪያውን ይደበድብ ጀመር። በዚያው ድብደባ መሀል በሩ ተንኳኳ።

ጋሽ ተወልደመድህን ሱፍ ለብሰዋል። እትዬ አረጋሽ ነጠላቸውን በወጉ አጣፍተዋል። ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ውድነህ የመኪናቸውን መስታወት በረዶ እንዳይሰብረው ዛፍ ሥር ሊያቆሙ ሄደው፣ እውነቴን ነው፣ እስከ ዛሬ ድረስ አልመጡም። ፍቅረሥላሴ "ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ!" ቢል እነሱ ከደጃፉ ምንጣፍ ላይ ፈቀቅ አላሉም። "አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ተወልደመድህን፣ "የመጣንበትን እሺ ሳትለን አንቀመጥም።" ፍቅረሥላሴ ግራ ገባው፤ ለጋብቻ እንዳይሆን ሴት ልጅ የለውም፣ ከሚስቱ ከመሠረት ጋር እንዳይሆን ሠላም ናቸው፣ እንዲያውም እህቷን ልትጠይቅ ዳላስ ሄዳለች። በመጨረሻ "እሺ ብያለሁ" አላቸውና ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌው ሶፋው ላይ ያለውን አውሬ ያዩት። ላኪ አይታይም ብለውታል። ለነገሩ አልታየም፤ ተሰውሮ ነው ያለው።

ጋሽ ተወልደመድህን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለእውነት መመስከር አለብኝ፤ አጀማመራቸው እንደ ተላኩት ነበር። "ደምሰው ልኮን ነው። ከሥራው ልሰናበት ይላል። በሰላም ይልቀቀኝ ይላል። ይኸው ነው።" ፍቅረሥላሴ ወደ ጉሬዛው ዞረ። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ አልነበረም፤ ደምሰው ለቁጣ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። የሰውዬው ከንፈር እንደ ሕፃን ተንቀጠቀጠና "ምን በደልኩት?" አለ።

በቃ። ይህች ቃል የሽማግሌን ሞተር የምታስነሳ ቁልፍ ናት። ሽማግሌ ለማለያየት የተሠራ ዕቃ አይደለም፤ ወደ ኋላ ማርሽ የለውም። "ምን በደልኩት" ሲባል ጋሽ ተወልደመድህን የተላኩበት ነገር ከአእምሯቸው ሲወጣ ደምሰው በመረቡ በኩል በዓይኑ አየው። እትዬ አረጋሽ ነጠላቸውን አጠበቁና "እንግዲህ ቅሬታ ካለ ይውጣ፤ በፍልሰታ ሱባኤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው" አሉ። ደምሰው ራሱን በኃይል ወዘወዘ። ውጪ ምንም አልታየም። "አልተጣላንም እኮ!" ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ስፖንጁን አልፎ በደንብ ተሰማ። "ሰማችሁ?" አሉ ጋሽ ተወልደመድህን፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አልተጣላንም አለ! እንዲህ ያለ ልብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተበድሎ እንኳ አልተጣላንም ይላል!"

ፍቅረሥላሴ ተነሳ። ጥፋቱን ራሱ ይቆጥር ጀመር። ሙቀቱን ችላ ብሏል፤ ከዛሬ ጀምሮ የልብሱ ራስ ውስጥ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፋን ይገጠማል። ማዕረግ አልሰጠውም፤ ከዛሬ ጀምሮ ማናጀር ነው፣ ካርድ ይታተምለታል። ድርሻ ይሰጠዋል፣ ሽማግሌዎቹ ምስክር ናቸው። "ሰኞ..." አለ ደምሰው ከውስጥ፤ "ሰኞ እኮ..." "ሰኞማ!" ፍቅረሥላሴ እጁን አጨበጨበ፣ "ሰኞ ትልቁ ቀናችን ነው፣ አንድ ሙሉ መዋዕለ ሕፃናት ጠርቶናል። ያላንተ ማን አለኝ?" እትዬ አረጋሽ እልል አሉ። ሊዲ የአባቷን ጠጉራም እጅ ሳበች። "ዳዲ፣ ቴል ዜም። ስለ ባሱ ንገራቸው" አለች፤ ጮክ ብላ ነው ያለችው። ሁሉም ጉሬዛውን አዩት። ደምሰው አፉን ከፈተ፤ የራሱን አፍ ነው፣ የልብሱማ ሁሌም ክፍት ነው። ፍቅረሥላሴ ሊዲን ጉንጯን ቆንጠጥ አደረጋትና "ጉሬዛ አይናገርም፣ የኔ ቆንጆ!" አላት፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ነገሩም አለፈ።

"ተሳሳሙ" አሉ ጋሽ ተወልደመድህን። ፍቅረሥላሴ በርሜሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ በግራና በቀኝ ስፖንጅ ሳመ። ለታላቅ ጎንበስ ማለት ወግ ነውና ደምሰው ጎንበስ አለ፤ ያ ትልቅ ራስ አብሮት ወረደ። "እሺ አለ!" አሉ ሽማግሌው። ከዚያ መጨረሻውን አመጡ። "ከዛሬ ጀምሮ በመካከላችሁ ዋስ እኔ ነኝ። ማንኛችሁም ብትሄዱ የምታፈርሱት የኔን ሽበት ነው። ደምሰው ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያስታረቅኩት ሰው አሳፍሮኝ አያውቅም። አንተ አታሳፍረኝም።" መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ደምሰው ያን ሲያይ ነው ነገሩ የገባው። ከዚህ ቤት ለመውጣት ያለው በር አንድ ነበር፤ ያንን በር እንዲከፍቱለት የላካቸው ሰው መጥተው በሩ ላይ ወንበር አድርገው ተቀመጡበት። አሁን ሰኞ ሰማያዊውን ሸሚዝ ቢለብስ የሚረግጠው ፍቅረሥላሴን አይደለም፤ እኚህን የሚንቀጠቀጡ ሽማግሌ ነው። ፍቅረሥላሴ ሽሮ አቀረበ። ደምሰው መብላት አይችልም። ጉርሻው እስከ ጥርሶቹ መጣ፣ መረቡ ላይ ቀረ።

በረዶው ሲያባራ ወጡ። ጎዳናው በተረገፈ ቅጠል ተሞልቷል፤ አየሩ ቀዝቅዟል። ፀዳል ደውላ ነበር፤ ሊዲ አነሳችው። "ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?" "ታረቁ" አለቻት ሊዲ በአማርኛ። "እንዴ፣ ተጣልተው ነበር እንዴ?" አለች ፀዳል፤ ከዚያ "እሺ፣ ሸሚዙን ልመልሰው?" ደምሰው መንዳቱን ቀጠለ። ኮልፋክስ ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው። በግራ በኩል አውቶብስ መጥቶ ጎናቸው ቆመ፣ ታጥቦ የወጣ፣ በረዶው ያብለጨለጨው። ሾፌሯ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ዝቅ ብላ ብታይ ኮሮላ የሚነዳ ስከንክ አየች። አልሳቀችም፤ ይህ መንገድ ከዚህ የባሰ ብዙ ነገር አሳይቷታል። እጇን ብቻ ከመሪው አነሳችለት፣ ሾፌር ለሾፌር እንደሚያደርገው። ደምሰው ጎንበስ አለላት። ልብሱ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ቶዮታዬን ስለምወዳት አንድ ነገር ልናዘዝ። ከነገርኳችሁ ውስጥ አንዲት ነገር ፈጥሬአለሁ። ዚፑን። ዚፑ ጠጉር አልነከሰም፤ ሳሙናውም ፒንሳውም የኔ ናቸው። "ዚፕ ካልያዘው ታዲያ ምን ይዞት ነው ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ የተቀመጠው?" ብላችሁ ስትጠይቁኝ የምመልሰው ስላጣሁ ነው የጨመርኩት። የሆነውማ እንዲህ ነው። እዚያው ኮልፋክስ ላይ፣ አውቶብሱ ገና ሳይንቀሳቀስ፣ ሊዲ ከኋላ ወንበር እጇን ዘርግታ ማጅራቱ ላይ ያለውን ዚፕ በሁለት ጣቷ ሳበችው፤ ምንም ሳይል ወረደ። ቀዝቃዛ አየር አንገቱን ነካው። "ዳዲ፣ ኢት ኦፕንስ። ይከፈታል እኮ" አለችው።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አውቶብሱ ሄደ።

"ዝጊው" አላት።